የፈርዖን ድንጋዮችና የተቀበረ ወርቅ ወሬ

   

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ትምህርት በዐረብኛ ሲጻፍ የታሰበው በዓባይ ዳር፥ በምስር አገር ለሚኖሩ ሰዎች ነበር፤ እነርሱ በየማለዳው የፈርዖኖችን ድንጋይ እያዩ ይውላሉና። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተማዎች፥ ይልቁንም ለደዶ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንዲስማማ ከአገራችን የተገኘ ምሳሌ ተጨምሮበታል። «እኛ ደዶ ተቀምጠን የምስር ፒራሚድ ምን አገባን?» የሚል ቢኖር ንባቡን እስኪፈጽም ድረስ ይታገሥ፤ ነገሩ ከቡና ጆንያው አጠገብ መድረሱን ያየዋል።

ቡና ተሽጦ ገንዘብ ከእጅ በሚገባበት ወራት አንድ እንግዳ ሰው ወደ ቤትህ ቢመጣ፥ ከመግሪብ በኋላ በሩን ዘግቶ ዳር ዳሩ የተቃጠለ ወረቀት ከደረቱ ቢያወጣ፥ በወረቀቱም ላይ ማንም የማያነበው ጽሕፈትና የሦስት ማዕዘን ሥዕል ቢያሳይህ፥ ምን ታደርጋለህ? እርሱ እንዲህ ይልሃል፤ «ፒራሚዱን የሠሩት ጂኖች ናቸው። ሠርተው ሲጨርሱ ወርቁን እንዲጠብቁ ታዘዙ። ከእነዚያው ወገን የሆነ አንድ ጠባቂ በአያትህ መሬት፥ በዚያ ትልቅ ድንጋይ ሥር ተቀምጦ ይኖራል። እርሱን ለማስለቀቅ ዕጣን፥ ጥቁር ፍየል፥ ገብስማ ዶሮ፥ ከዚህም ሁሉ በላይ ከፈርዖን ሬሳ ጉሮሮ የሚወጣ ቀይ ባዜቃ ያስፈልጋል፤ ባዜቃውም ውድ ነው።» የዓመት ድካምህ በጆንያ ተቈጥሮ ካለቀ በኋላ፥ የልጆችህ ልብስና የዕዳህ መክፈያ በሣጥን ተቀምጦ ሳለ፥ ይህ ቃል ወደ ጆሮህ ይገባል። እንግዲህ የፒራሚዱ ነገር ለምን እንደሚያገባን ታያለህ፤ ሰውዬው የሚሸጥልህ ዋናው ዕቃ ባዜቃው ሳይሆን ተረቱ ነው። ተረቱን የገዛ ሰው የቀረውን ሁሉ ሳይከራከር ይገዛል።

ስለዚህ ከተረቱ እንነሣ። በካይሮ አጠገብ፥ ጊዛ በሚባለው ስፍራ፥ ኹፉ የሚባለው ፈርዖን ያሠራው ትልቁ ፒራሚድ አለ። የተሠራው ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት 2600 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሲፈጸም ቁመቱ 146 ሜትር ያህል ነበር፤ የመሠረቱ አንዱ ጎን 230 ሜትር ይሆናል፤ ድንጋዮቹም ወደ 2,300,000 ይገመታሉ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ባየ ጊዜ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ድንጋጤውን ዕውቀት አድርጎ ሲያወራው ነው።

የቀድሞ ዐረብ ተራኪዎች ሱሪድ የሚባል ንጉሥ ከማየ አይኅ 300 ዓመት በፊት አስፈሪ ሕልም አይቶ ጥበብን ሁሉ ከውኃው ለማዳን ፒራሚዶቹን አሠራ ብለዋል፤ በውስጣቸውም የማይዝግ ብረት፥ የማይሰበር ብርጭቆ፥ የሚገባውን ሰው የሚገድሉ ጠልሰሞች አሉ ብለው ጨምረዋል። ሌሎች ነቢዩ ኢድሪስ (ዐ.ሰ.) ሠሯቸው አሉ፤ ሌሎችም የዓድ ሕዝብ ሥራ ነው አሉ። ይህን ሁሉ ታላላቅ ታሪክ ጸሐፊዎች በመጻሕፍቶቻቸው ስላስገቡት ብዙ ሰው የተረጋገጠ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ጸሐፊ «እንዲህ ይባላል» ብሎ ማስፈሩ «እንዲህ ነው» ብሎ መመስከሩ አይደለም። የሐዲሥ ሊቃውንት ሰንሰለቱን ሳይመረምሩ ወሬ እንዳይቀበሉ ያስተማሩን ለዚህ ነው።

ይህ ድካም የእኛ ወገን ብቻ አይምሰልህ። ተምረናል የሚሉት አውሮጳውያንም ወድቀውበታል። በእነርሱ አቈጣጠር በ1864 ዓ. ም. ፒያዚ ስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ከዋክብት መርማሪ ፒራሚዱ በመለኮታዊ ልክ የተሠራ፥ የሚመጣውም ዘመን በልኩ ውስጥ የተጻፈበት ነው ብሎ መጽሐፍ አወጣ። በ1880 ዓ. ም. ፍሊንደርስ ፔትሪ የሚባል ወጣት መለኪያውን ይዞ ወደ ጊዛ ሄደ፤ ቤተ ሰቡ የስሚዝን ነገር የሚወዱ ነበሩ። ጎኑን በጥንቃቄ ለካ፤ ልኩም ስሚዝ ከሚፈልገው ጋር አልገጠመም። ፔትሪም የለካውን አሳተመ። (ከወዳጅ ወሬ ይልቅ መለኪያን ማመን እንዴት ያለ ወንድነት ነው!) በ1968 ዓ. ም. ደግሞ ፎን ዴኒከን የሚባል የስዊስ ሰው ከሌላ ዓለም በሰማይ የመጡ ፍጡራን በጥንት ሰዎች ሥራ እጃቸው አለበት ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉም በሚሊዮን ተሸጠ። ደግሞም በፒራሚድ ቅርጽ ከተሠራ ካርቶን ሥር የተቀመጠ ምላጭ ራሱን ይስላል፥ ሥጋም አይበሰብስም የሚሉ ተነሡ። ዛሬ ይህ ሁሉ በእጅ ስልክ ተቈራርጦ እስከ ደዶ ድረስ ይመጣል፤ አንዳንዱም ዱዓና ቁርኣን ከኋላው እየተሰማ ስለሚቀርብ ልጆቻችን የሃይማኖት ትምህርት ይመስላቸዋል።

እውነቱ ግን ከተረቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ለነጋዴም የሚገባው እርሱ ነው። በ2013 ዓ. ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) በቀይ ባሕር ዳር ዋዲ አል-ጀርፍ በሚባለው ስፍራ ፈረንሳዊው ፒየር ታሌና ባልደረቦቹ የፓፒሩስ ጽሑፎች አገኙ። ከእነዚህም አንዱ በኹፉ ዘመን የነበረ ሜረር የሚባል የሠራተኞች አለቃ የዕለት መዝገብ ነው። ሜረር ከሰዎቹ ጋር ከቱራ ድንጋይ ጭኖ በጀልባ ወደ ጊዛ እንደ ወሰደ፥ በየት እንዳደረ፥ በማግሥቱ ምን እንደ ሠራ ይጽፋል። አንተ በመጋዘንህ «ይህን ያህል ገባ፥ ይህን ያህል ወጣ» ብለህ እንደምትጽፈው ማለት ነው። ስለ ጂን አንድ ቃል የለበትም። ከፒራሚዶቹ በስተ ደቡብም የሠራተኞቹ ሰፈር ተቈፍሮ ተገኝቷል፤ የዳቦ መጋገሪያዎች፥ የታረዱ ከብቶችና የበጎች አጥንት ወጥቷል። የሠራተኞቹ መቃብር በ1990 ዓ. ም. ተገኘ፤ ከአጥንቶቻቸውም ተሰብሮ የተጠገነ አለ። ጂን እጁ አይሰበርም፤ ወጌሻም አይሻም።

አንዱ ድንጋይ በአማካይ ሁለት ቶን ተኩል ይመዝናል ይባላል፤ ይኸውም የሃያ አምስት ኩንታል ቡና ክብደት ነው። ሥራው ሃያ ዓመት ፈጀ ብንል በየቀኑ ከሦስት መቶ ጥቂት የሚበልጥ ድንጋይ ማኖር ያስፈልጋል፤ ቀኑ ዐሥር ሰዓት የሥራ ሰዓት ቢኖረው በየሁለቱ ደቂቃ አንድ ድንጋይ ይሆናል። ይህ እጅግ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ብዙ እጅ፥ ብዙ እንጀራና ጥብቅ አለቃ ባለበት የሚሆን ነገር ነው። ሌሎቹ ፒራሚዶችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ በሰቃራ ያለው የፈርዖን ጆሰር ፒራሚድ በደረጃ የተሠራ ነው፤ በደሕሹር ያለው አንዱ ደግሞ ከመካከሉ ጎብጧል፤ ሠሪዎቹ በጅምሩ የያዙት አቀበት እንደማያዋጣ አይተው ስላለዘቡት ነው። የማይሳሳት ምስጢረኛ ኃይል ቢሠራው ኖሮ በመሐል ሐሳቡን አይለውጥም ነበር።

ኢብኑ ኸልዱን በ779 ዓመተ ሒጅራ በጻፉት ሙቀዲማ ይህን ነገር ከዘመናቸው ሰዎች ሁሉ አጥርተው አይተውታል። ተራው ሰው ታላቅ ሕንፃ ባየ ጊዜ «የሠሩት ሰዎች በአካል ግዙፎች ነበሩ» ይላል፤ እርሳቸው ግን የሕንፃ ታላቅነት የሚመጣው ከመንግሥት ኃይል፥ ከሠራተኛ መተባበርና ክብደት ከሚያነሣ መሣሪያ ነው አሉ። ማስረጃቸውም የሠሙድ ሕዝብ ቤቶች ናቸው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ያለፉባቸው፥ በድንጋይ የተፈለፈሉት የሒጅር ቤቶች፥ በራቸው እንደ እኛ በር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መናገር ይገባል፤ አላህ ለዓድ ሕዝብ በአካል ብልጫ እንደ ሰጣቸው በቁርኣን ተነግሯል፤ ይህን እናምናለን። ነገር ግን የዓድ አገር በዐረብ ምድር ያለው አሕቃፍ ነው እንጂ ምስር አይደለም። ለአንዱ የተነገረውን ወስዶ በሌላው ላይ መለጠፍ በቁርኣን ላይ መጨመር ነው።

እንደዚሁም በሱረቱል ቀሶስ ፈርዖን ሃማንን ጭቃ አቃጥሎ ረጅም ግንብ እንዲሠራለት ማዘዙ ተነግሯል። አንዳንድ ሰባኪ ይህን ይዞ «ፒራሚዱ እርሱ ነው» ይላል። ፒራሚዱ የተሠራው ግን ከተጠረበ ድንጋይ ነው፤ የተቃጠለ ጡብ አይደለም። ብዙ ሊቃውንትም ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ከኹፉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በኋላ ያኖሯቸዋል። አላህ ያልሰየመውን እኛ ባንሰይም ምን ይጐድለናል?

አሁን ወደ ጂኖቹ ነገር እንምጣ፤ የዳር ዳር ወረቀቱ ሰውዬ ሁልጊዜ የሚሸሸገው ከእርሱ ኋላ ነውና። ጂኖች መኖራቸውን አንክድም፤ ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሕንፃና ታላላቅ ገበታዎች፥ የማይነቃነቁም ድስቶች ይሠሩ እንደ ነበር በሱረቱ ሰበእ ተነግሯል። ይህ ግን በአላህ ፈቃድ ለአንድ ነቢይ የተሰጠ ነው። የዚያው ሱራ ቀጣይ ነገር ደግሞ ጠንቋዩ ፈጽሞ የማይጠቅሰው ነው፤ ነቢዩ ሱለይማን በትራቸውን ተደግፈው ሞቱ፤ ጂኖቹም መሞታቸውን ሳያውቁ በድካም መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ የምድር ተባይ በትሩን በልቶ ሬሳቸው እስኪወድቅ ድረስ። በዚያም ሩቁን እንደማያውቁ ተገለጠ። እንግዲህ አስተውል፤ በፊታቸው የቆመ ሰው መሞቱን ያላወቁ በደዶ መሬት ሥር ያለውን ወርቅ ለአንድ መንገደኛ ይነግሩታልን?

ይህ ተረት በአገራችንም ዘር አለው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በሶዶ ጉራጌ አገር፥ ጢያ በሚባለው ስፍራ የሰይፍ ሥዕል የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች አሉ፤ በ1980 ዓ. ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሕዝቡ ግን «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸው ነበር፤ ኢማም አሕመድ በኃይላቸው እንደ ተከሏቸው፥ ሰይፋቸውንም እንዳሳረፉባቸው ይተረካል። የመረመሩት ሰዎች ግን ከሥራቸው መቃብር አገኙ፤ ድንጋዮቹም በ1543 ዓ. ም. ከሞቱት ከኢማሙ ዘመን የቀደሙ ናቸው። የሰይፉ ሥዕል የመቃብር ምልክት ሆኖ ሳለ የጀግና ገድል ሆነ። እኛ ሙስሊሞች ኢማሙን የሚያገንን ተረት ሲሰማን ልባችን ደስ ሊለው ይችላል፤ ሐሰት ግን ለወገናችን ስለ ጠቀመ እውነት አይሆንም።

በአክሱምም እንዲሁ ነው። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን የሚበልጥ ክብደት አለው፤ ወድቆ ተሰባብሮ ይገኛል። ይህንንም በሰማይ ኃይል የቆመ ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ነገር ግን ድንጋዩ የተፈለጠበት ጎቦ ዱራ የሚባለው ስፍራ ከከተማው በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዛሬም ይታያል፤ የፈላጮቹ የሽብልቅ ቀዳዳዎች እንደ ተደረደሩ አሉ። ኢጣሊያኖች በ1937 ዓ. ም. ወደ ሮማ የወሰዱት 24 ሜትሩ ሐውልት ደግሞ በ2005 ዓ. ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008 ዓ. ም. ቆመ። ያቆሙት መሐንዲሶች ናቸው፤ በሒሳብና በብረት ገመድ።

ሒሳብ ካነሣን ዘንድ አንድ ሰው እናስታውስ። በአዝሀር መስጊድ ከእኛ አገር ለሚሄዱ ተማሪዎች የጀበርቲዎች ርዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበር። ከዚያ ወገን የተወለዱት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ በ1188 ዓመተ ሒጅራ በካይሮ ሞቱ፤ ልጃቸው ዐብዱረሕማን የታወቁት የምስር ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ሸይኽ ሐሰን ፊቅሕ ከማወቃቸው ጋር የጂኦሜትሪና የከዋክብት ሊቅ ነበሩ፤ ስለ ሚዛንና ስለ ክብደትም ጽፈዋል። በፒራሚዶች አጠገብ የኖሩ የእኛ ሊቅ ዕውቀታቸውን ያዋሉት ጠልሰም ለመፍታት ሳይሆን የገበያ ሚዛን ለማቅናት መሆኑን ነጋዴው ወንድሜ ልብ ይበለው።

በፒራሚድ ወርቅ የፈለጉ ሰዎች ምን አገኙ? ኸሊፋው መእሙን በ217 ዓመተ ሒጅራ ወደ ምስር በመጡ ጊዜ ትልቁን ፒራሚድ በእሳትና በሆምጣጤ፥ በመዶሻም አስፈለፈሉት ይባላል፤ ዛሬ ጐብኝዎች የሚገቡበት ቀዳዳ በእርሳቸው ስም ይጠራል። ተራኪዎቹ ሲጨምሩ፥ በውስጡ የተገኘው ወርቅ ተመዝኖ ለመቈፈሪያው ከወጣው ወጪ ጋር እኩል ሆነ ይላሉ። ተረትም ቢሆን ነጋዴ የሆነ ሰው ሊስቅበት ይገባል፤ ያን ያህል ድካም፥ ትርፉ ባዶ! የሰላሑዲን ልጅ መሊክ አል-ዐዚዝም በ593 ዓመተ ሒጅራ ግድም ትንሹን ፒራሚድ ሊያፈርሱ ሠራተኞች ሰደዱ፤ ስምንት ወር ያህል ተደክሞ ከአንዱ ጎን ላይ ጭረት ብቻ ቀረ። ይህን ያዩት ዐብዱልለጢፍ አል-በግዳዲ የተባሉት ሐኪም ናቸው። እኒሁ ሰው የምስር ወርቅ ፈላጊዎችንም ነገር ጽፈዋል፤ ባለጠጋውን በተስፋ እያስጐመጁ ገንዘቡን እስኪጨርስ ድረስ የሚያስቈፍሩትን አታላዮች። ኢብኑ ኸልዱንም የተቀበረ ሀብት መፈለግ ከተፈጥሮ የኑሮ መንገድ አይደለም ብለው አንድ ምዕራፍ ሰጥተውታል፤ ዳር ዳሩ የተቀደደ ወረቀትም በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አለ። ስድስት መቶ ዓመት አልፎ ወረቀቱ ያው ነው! እርሳቸው የጠየቁትን ጥያቄ አንተም ለእንግዳህ ጠይቀው፤ ሀብቱን በጠልሰም ያሰረ ሰው ማንም እንዳያገኘው ፈልጎ ሳለ ስፍራውን የሚያሳይ ወረቀት ለምን ይጽፋል?

በጐረቤታችን በሱዳን ከምስር ይልቅ በቁጥር የሚበዙ ፒራሚዶች አሉ። በ1834 ዓ. ም. ፌርሊኒ የሚባል ኢጣሊያዊ በሜሮኤ የብዙዎቹን ጫፍ አፈረሰ። በአንዲት ንግሥት ፒራሚድ ጌጥ አገኘ፤ ያ አንድ ዕድል ስንቱን ሌላ ፒራሚድ በከንቱ እንዳስፈረሰ የሄደ ሰው ያየዋል። በምስር መንደሮችም እስከ ዛሬ ከቤታቸው ወለል ሥር በሌሊት ሲቈፍሩ አፈር ተንዶባቸው የሞቱ አሉ። ቀይ ባዜቃ የሚባለውም በሬሳ ጉሮሮ ውስጥ የለም፤ የጥንት ሰዎች ሬሳ ሲያደርቁ የሚጠቀሙት ጨውና ሙጫ ነበር።

የገንዘቡ ጥፋት ግን ትንሹ ጥፋት ነው። ለጠባቂው ተብሎ የሚታረደው ፍየል ለማን ታረደ? ከአላህ ሌላ ስም ተጠርቶበት ከሆነ ሥጋው ሐራም ነው፤ አራጁም ሽርክ ውስጥ ገብቷል። ወደ ጠንቋይ ሄዶ የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሰላቱ ተቀባይነት እንደሌለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። በሱረቱል ጂንም ከሰዎች ወገን በጂኖች የሚጠበቁ እንደ ነበሩና ይህም ድካም ብቻ እንደ ጨመረላቸው ተነግሯል። የቤት እመቤት ሆይ፥ ይህን የምናገረው ለባልሽ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ልጅ ሲኖር፥ በሰፈሩ ባለ ትልቅ ድንጋይ ሥር ቅቤ መቀባትና ዕጣን ማጤስ የሚያዙ ይመጣሉ። ልጁን ወደ ሐኪም ውሰጂው፤ ዱዓሽንም ወደ ጌታሽ አድርጊ።

ስለ ድንጋይና ስለ ስም ከተነሣ፥ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 ዓ. ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ገዙ። በጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ እንጨቱ ዝናም ይፈራል፥ ጥገናም ይሻል። በመካ ግን ለጅማ ሐጃጆች ማረፊያ የሚሆን ቤት አዘጋጅተው ነበር። አሮጌዎቹ ከሂርማታ ገበያና ከነጋዴው ብዛት ጋር ይህንንም ያነሡላቸዋል።

በመጨረሻ፥ «ታዲያ ስቈፍር በእውነት ቢገኝስ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልስ አለ። ሸሪዓ ይህን አልዘነጋም። ከእስልምና በፊት የተቀበረ ሀብት ሪካዝ ይባላል፤ በእርሱም ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አምስተኛውን እጅ ወስነዋል። የሙስሊም ዘመን ምልክት ያለበት፥ ባለቤቱም ያልታወቀ ከሆነ ግን እንደ ወደቀ ዕቃ ይቈጠራል፤ አንድ ዓመት ይነገርበታል። በአገራችን ሕግ ደግሞ በ1992 ዓ. ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 አለ፤ ሲያርስ ወይም መሠረት ሲያወጣ ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰው ሳይነካካ ወዲያው ለመንግሥት እንዲያስታውቅ ያዛል። ሁለቱም ሕጎች የሚናገሩት በቀን ብርሃን፥ በዶማ ጫፍ፥ ሳይፈለግ ስለ ተገኘ ነገር ነው። ስለ ፍየልና ስለ ባዜቃ የሚናገር አንቀጽ በሁለቱም ውስጥ የለም፤ እንግዳው ወረቀቱን ሲያወጣ ይህንኑ ንገረውና መብራቱን አብራ፥ በሩንም ክፈት።